ባዶ የአደጋ መዝገብ ለምን ያስፈራኛል

አንድን የግንባታ ሳይት ለመጀመሪያ ጊዜ ስጎበኝ ከሁሉ አስቀድሜ እንዲቀርብልኝ የምጠይቀው የአደጋ መዝገቡን ነው። መዝገቡ በጥቃቅን ነገሮች የተሞላ ከሆነ፣ ሚስማር የረገጠው፣ ጣቱን በመዶሻ የመታው፣ ከላይ የወረደ የብሎኬት ስባሪ ለጥቂት የሳተው ሠራተኛ ሁሉ በቀንና በሰዓት ተጽፎ ካገኘሁ፣ ልቤ ጥቂት ይረጋጋል። ስድስት ወር ሙሉ አንድም ነገር ያልሰፈረበት ንጹሕ መዝገብ ሲሰጠኝ ግን እጨነቃለሁ። ሁለት መቶ ሰው በአጣና መወጣጫ ላይ ሲወጣና ሲወርድ፣ ፌሮ ሲቆርጥ፣ መሠረት ሲቆፍር ከርሞ አንድም ሰው እንኳ አልተጫረም የሚለውን ለማመን ብዙ ቅንነት ይጠይቃል። እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይ የምረዳው በዚያ ሳይት ላይ ወሬ ከታች ወደ ላይ መውጣት ማቆሙን ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ በግንባታ ሥራ፣ በኋላም በሥራ ቦታ ደህንነት ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት እየጠነከረብኝ የመጣ አንድ እምነት አለ፤ የአንድ ሥራ ቦታ ደህንነት የሚለካው መጥፎ ወሬ ተናጋሪውን ሳይጎዳ ምን ያህል ርቀት ወደ ላይ መጓዝ እንደሚችል ነው። ሄልሜቱ፣ ቀበቶው፣ በቢጫ ቀለም የተጻፈው ማስጠንቀቂያ፣ ሥልጠናውና የምስክር ወረቀቱ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የሳይቶቻችንን አደረጃጀት ለሚያውቅ ሰው ወሬው መንገድ ላይ ለምን እንደሚቀር ግልጽ ነው። የቀን ሠራተኛውን የሚያመጣው ካቦው ነው፤ ካቦውን የሚጠራው ንዑስ ተቋራጩ ነው፤ ከዚያ በላይ ፎርማኑ፣ ሳይት መሐንዲሱ፣ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁና የሕንፃው ባለቤት ይደረደራሉ። ከታች "መወጣጫው ይነቃነቃል" ተብሎ የተነሳው ቃል ሁለተኛው እርከን ላይ "ትንሽ ማጥበቅ ይፈልጋል" ይሆናል፤ አራተኛው ላይ "እየታየ ነው" ይባላል፤ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ "ሁሉም ሰላም ነው" ሆኖ ያርፋል። በመካከል ሆነ ብሎ የዋሸ ሰው የለም። እያንዳንዱ ለአለቃው ጥቂት ጥቂት እያለሰለሰ ነው ያስተላለፈው። ዋጋው ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ለመጀመሪያው ተናጋሪ ነው፤ ካቦው "ነገ አትምጣ" ካለው የሚከራከርበት ቦታ የለውም፣ የዕለት ገቢውም በዚያው ይቋረጣል። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ዝም ማለት ፍርሃት ብቻም አይደለም። በአለቃ ፊት ጉድለት ማንሳት ድፍረት ተብሎ በሚቆጠርበት ቤት ስላደግን፣ ጨዋነታችን ራሱ ዝም ያሰኘናል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ደካማ ነው ማለት አልችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኞቹን ስለ አደጋ እንዲያስተምር፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ በሥራ ላይ የሚደርሱ ጉዳቶችን እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሠራተኛው በሥራ ላይ ሲጎዳም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይሁንና ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ አሠሪው ከኃላፊነት የሚወጣበት በር አለ። በሩ በራሱ ምክንያታዊ ነው፤ የሚያሳዝነኝ ብዙዎች የደህንነት ሥራቸውን ሁሉ የገነቡት በዚያ በር ዙሪያ መሆኑ ነው። አዲስ ሠራተኛ ገና አካፋ ሳይጨብጥ "የደህንነት መመሪያ ተሰጥቶኛል" በሚል ወረቀት ላይ ይፈርማል። ወረቀቱን ያነበበለት የለም፤ ካነበበለትም "ከፍታ ላይ ሲሠሩ ይጠንቀቁ" ከሚል ያለፈ ነገር አያገኝበትም። ያ ወረቀት የተዘጋጀው ለጠበቃ እንጂ ለግንበኛ አይደለም።

ስለ ወረቀት ሳስብ ዘወትር የሚታወሰኝ ፓይፐር አልፋ የተባለው የነዳጅና የጋዝ ማውጫ መድረክ ነው። በሰሜን ባሕር ላይ ከስኮትላንዷ አበርዲን ከተማ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የቆመ፣ 226 ሰዎች የሚሠሩበትና የሚኖሩበት የብረት ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 ማታ በደረሰበት ፍንዳታና ቃጠሎ ለማዳን የመጡ ሁለት ሰዎችን ጨምሮ 167 ሰዎች ሞቱ፤ ከመድረኩ ሰዎች የተረፉት 61 ብቻ ናቸው። አጣሪው አካል ከሁሉ ይልቅ የሚመስል ብሎ የደረሰበት የአደጋው አጀማመር ለማመን እስኪያዳግት ድረስ ተራ ነው። ፈሳሽ ነዳጅ ከሚገፉት ሁለት ፓምፖች የአንደኛው የግፊት መከላከያ ቫልቭ በቀኑ ፈረቃ ለጥገና ተነስቶ ነበር። ሥራው እስከ ማምሻው ስላላለቀ የተከፈተው የቱቦ አፍ በብረት ክዳን ተሸፈነ፤ ክዳኑ ግን ግፊት እንዲችል ተደርጎ አልጠበቀም። ቫልቩ በቦታው አለመኖሩን የሚናገረው የሥራ ፈቃድ ወረቀት ተሞልቷል፣ ተፈርሟል። የተቀመጠው ግን የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ተረኞች በማያዩት ሌላ ቢሮ ውስጥ ነበር፤ በፈረቃ ርክክቡ ላይም አልተነሳም። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ሁለተኛው ፓምፕ ቆመ። ተረኞቹ የመጀመሪያውን ለማስነሳት ወረቀቱን ሲፈልጉ ያገኙት ስለ ሌላ፣ ገና ስላልተጀመረ ጥገና የሚናገር ፈቃድ ነበር። ስለዚህ ፓምፑን አስነሱት።

ይህን ታሪክ ለሳይት ሰዎች ስተርክ ሁልጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ "ወረቀቱን የት አባቱ ነው ያስቀመጠው?" የሚል ነው። ጥፋተኛውን ሰው ፍለጋ መሆኑ ነው። እኔ ግን ከወረቀቱ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚያው መድረክ ላይ አንድ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሞቶ ነበር፤ በሱም ሞት የታየው የሥራ ፈቃድና የፈረቃ ርክክብ ጉድለት ነበር። ኩባንያው ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አምኗል፤ ያመነውም ትልቁ አደጋ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። እንግዲህ ትምህርቱ በሰው ሕይወት ተከፍሎበት፣ በፍርድ ቤት ተመዝግቦ፣ በእጃቸው ነበር ማለት ነው። የጎደለው ያን ትምህርት ማታ ማታ ፓምፕ ወደሚያስነሳው ሰው የሚያደርስ መንገድ ነው። ከአደጋ በኋላ ሪፖርት መጻፍና መማር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። በሪፖርቱ ምክንያት ነገ ጠዋት በተለየ መንገድ የሚሠራ ሰው ከሌለ፣ የተማረ የለም።

ከፍንዳታው በኋላ የሆነውም ስለ መሪነት ብዙ የሚያስተምር ነው። በአቅራቢያ የነበሩት ክሌይሞርና ታርታን የተባሉ ሁለት መድረኮች ከፓይፐር ጋር በቱቦ የተያያዙ ሲሆኑ፣ ከሩቅ እሳቱ እየታያቸው ወዲያው ማምረት አላቆሙም። ኃላፊዎቹ ጨካኞች አልነበሩም፤ ምርት ማቆም ከባድ ውሳኔ ነውና ያለ የበላይ ፈቃድ ሊወስኑት አልደፈሩም። እሳት የሚያጠፉት የውኃ ፓምፖች ደግሞ ጠላቂ ሠራተኞች በባሕሩ ውስጥ ስለነበሩ ወደ ቱቦው እንዳይሳቡ በሚል በእጅ ብቻ እንዲነሱ ተደርገው ነበር፤ ፍንዳታው ከደረሰ በኋላ ፓምፖቹ ጋ ሊደርስ የቻለ የለም። ብዙ ሰዎች በመኖሪያ ክፍሎቹ ተሰብስበው ሄሊኮፕተርና ትዕዛዝ ሲጠብቁ ጢስ ገደላቸው፤ ከተረፉት ብዙዎቹ ትዕዛዝ ሳይጠብቁ ወደ ባሕር የወረዱትና የዘለሉት ነበሩ። ሎርድ ከለን የመሩት አጣሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ዘገባ 106 ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ፤ የብሪታንያ መንግሥትም ሁሉንም ተቀበለ። ከምክሮቹ አንዱ የቁጥጥሩን ሥራ ምርትን ከሚያበረታታው የኢነርጂ መሥሪያ ቤት አውጥቶ ለሥራ ደህንነት ተቋም መስጠት ነበር፤ ምርት የሚያጣድፍና አደጋ የሚቆጣጠር አንድ እጅ መሆን እንደሌለበት ለመረዳት ያን ያህል ሰው መሞት ነበረበት ወይ እያልኩ አንዳንዴ እናደዳለሁ።

ስለ ክሌይሞር ሳነብ በዓይኔ የሚመጣው የሶሌታ፣ ማለትም የፎቅ ወለል ኮንክሪት፣ ሙሌት ቀን ነው። የኮንክሪት ሚክሰር መኪኖች ከበር እስከ አስፋልት ተሰልፈዋል፤ ፓምፑ በሰዓት ይከፈልበታል፤ ባለቤቱም አንዳንዴ ካሜራ ይዞ ይመጣል። በዚህ መካከል ከሥር ያለ አንድ አናጢ ቋሚ ድጋፍ ሲጎብጥ ቢያይ ሙሌቱን ማስቆም ይችላል ወይ? በወረቀት ሁሉም "አዎ፣ ማንም ሰው ሥራ ማስቆም ይችላል" ይላል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም ለሕይወቱ ተጨባጭና ከባድ አደጋ አይቶ ከሥራ ገለል ያለ ሠራተኛ ለዚህ ምክንያት መጎዳት እንደሌለበት ይናገራል። በተግባር ግን ጥያቄው የሚመለሰው ከሙሌቱ ቀን በፊት ነው። እኔ የምጠይቀው "በዚህ ሳይት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ ያስቆመው ማነው? ከዚያስ ምን ሆነ?" ብዬ ነው። ስም ከተጠራልኝና ያ ሰው እስካሁን ሥራ ላይ ካለ መልሱ አዎ ነው። ሁሉም እርስ በርሱ ከተያየ፣ ሥልጣኑ በወረቀት ብቻ ያለ ነው።

የመሪ ድርሻ ምን እንደሆነ ስጠየቅ የማነሳው ፖል ኦኒልን ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካው አሉሚኒየም አምራች የአልኮዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሲሆን፣ ትርፍ ሊሰሙ ለመጡ ባለሀብቶች ስለ ሠራተኞች ደህንነት ነገራቸው፤ ብዙዎቹም ግራ ተጋቡ። ከወራት በኋላ አሪዞና በሚገኝ ፋብሪካ አንድ ወጣት ሠራተኛ የተቀረቀረ ማሽን ለማስለቀቅ የመከላከያ አጥሩን ተሻግሮ ገብቶ ሞተ። በብዙ ቦታ የምርመራው የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር "ደንብ ጥሶ ገባ" የሚል በሆነ ነበር። ኦኒል ኃላፊዎቹን ሰብስቦ ሰውየውን የገደልነው እኛ ነን፣ ጉድለቱም የእኔ መሪነት ነው አለ። ለተራ ሠራተኞችም የደህንነት ችግር አንስተው ኃላፊዎቻቸው ካልሰሟቸው ቤቱ ድረስ እንዲደውሉለት ስልኩን ሰጠ፤ ያ ሁሉ እርከን በአንድ ስልክ ቁጥር ታለፈ ማለት ነው። በመሪነቱ ዘመን ከሥራ የሚያስቀሩ ጉዳቶች ከ100 ሠራተኞች 1.86 ከነበሩበት ወደ 0.2 ወረዱ።

እንዲህ ያሉ ታሪኮች ሲተረኩ ጀግና መሪ ከመጣ ሁሉም ይስተካከላል የሚል ስሜት ስለሚያሳድሩ እጠራጠራቸዋለሁ። ከኦኒል ታሪክ ለእኔ የሚበልጠው ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በሜክሲኮ ባለው የኩባንያው ፋብሪካ ሠራተኞች በጋዝ መታመማቸው በባለአክሲዮኖች ስብሰባ ላይ ተነሳ፤ ሲጣራ ነገሩ ደርሶ ሳለ ለበላይ ሳይነገር መቅረቱ ታወቀ። በገቢ ረገድ ውጤታማ የነበረ ከፍተኛ ኃላፊ በዚሁ ተሰናበተ። የተሰናበተው አደጋ ስለደረሰ ሳይሆን ወሬው ስለታፈነ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ አደጋውን የተናገረው ፎርማን ከደመወዙ ይቀጣል፣ የደበቀው ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ "ያለ አደጋ ሥራውን የፈጸመ" ተብሎ ይሸለማል። እንዲህ ያለውን ሽልማት ያሰበው ሰው ቅን እንደነበር አልጠራጠርም። ግን ዝምታን በገንዘብ እንደመግዛት ነው።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የምንል ሕዝብ ነን፤ ሊሆን ሲል ለጥቂት የቀረውን አደጋ ግን "እግዚአብሔር አተረፈን" ብለን ምስጋናውን እናደርስና ነገሩን እዚያው እንዘጋዋለን። ምስጋናው ተገቢ ነው። መዘጋቱ ነው የሚጎዳን። የአቪዬሽን ሰዎች ይህን የተማሩት በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ወደ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያመራ የነበረ ቲደብሊውኤ የተባለ የአሜሪካ አየር መንገድ አውሮፕላን ቨርጂኒያ ውስጥ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 92 ሰዎች አለቁ። ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች የበረራ ተቆጣጣሪዎች የሚሰጡትን ያንኑ የማረፊያ ፈቃድ፣ እንደ ቲደብሊውኤዎቹ ሁሉ ዝቅ ብሎ መብረር የሚፈቅድ አድርገው ተረድተው ያንኑ ተራራ ለጥቂት ስተውት ነበር። ዩናይትድ ለራሱ አብራሪዎች አስጠነቀቀ፤ ማስጠንቀቂያው ግን ከአንዱ ኩባንያ ግቢ ወደ ሌላው አልተሻገረም። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የአሜሪካ የበረራ ደህንነት ሪፖርት ሥርዓት ሦስት ነገሮችን አስተካክሏል፦ ሪፖርቱን የሚቀበለው ቀጪው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ናሳ ነው፤ የተናጋሪው ማንነት ይሰወራል፤ ሳያስብ ደንብ የጣሰ ሰው ቶሎ ከተናገረ ከቅጣት የሚጠበቅበት መንገድ አለው። እስካሁን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሪፖርቶች ደርሰውታል። የኛ ተቋራጮች እንዲህ ያለ የጋራ ጆሮ የላቸውም፤ ቦሌ ላይ አፈር የተናደበት ሳይት የተማረውን ሲኤምሲ ላይ የሚቆፍረው አያውቅም።

በትንሹም ቢሆን መጀመር የሚቻለው ከጥያቄው ይመስለኛል። በጠዋቱ ስብሰባ "ችግር ያለበት አለ?" ሲባል የሚመለሰው ዝምታ ነው፤ ችግር አለ ማለት አንድን ሰው መክሰስ ስለሚመስል ማንም አይደፍርም። አንድ ሳይት ላይ ጥያቄውን "ዛሬ ሰው ቢወድቅ ከየት የሚወድቅ ይመስላችኋል?" ወደሚል ቀየርነው። ትንሽ ተሳሳቁ፤ ከዚያ አንድ በዕድሜ ገፋ ያለ ፌራዮ፣ ማለትም ፌሮ ሠራተኛ፣ "ከሊፍቱ ጉድጓድ ነዋ፤ ጣውላው ማታ ማታ ይነሳል" አለ። ማን እንደሚያነሳው ብንጠይቀው ኖሮ ዝም ይል ነበር። ለምን እንደሚነሳ ጠየቅነው። መጋዘኑ በጊዜ ይዘጋል፤ አናጢዎቹ ደግሞ የሙሌቱን ሥራ ለማድረስ ያመሻሉ፤ ጣውላ ሲያጥራቸው በአቅራቢያ ያለው ጥሩ ጣውላ የሊፍት ጉድጓዱን የሸፈነው ነው። አናጢዎቹን ብንቀጣ ሌሎች አናጢዎች መጥተው ያንኑ ያደርጉ ነበር። ከዚያ በኋላ በሚሞሉት ወለሎች ላይ የሶሌታው ፌሮ በጉድጓዱ አፍ ላይ ሳይቆረጥ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ሊፍት ገጣሚው ሲመጣ ብቻ የሚቆረጥ መረብ ሆነ። ማንም ሰው በችኮላ ነቅሎ ሊወስደው አይችልም፣ ለሌላ ሥራም አይጠቅምም። ለመጋዘኑም የማታ ተረኛ ተመደበ። ሽማግሌው ፌራዮ ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ተናጋሪ መሆኑን፣ አንዳንዴም ከልክ በላይ ማብዛቱን ለእውነት ስል እጨምራለሁ።

ይህ መረብ ጠንካራ ሥርዓት የምለውን ነገር በሚገባ ያሳያል፤ ሰው እንደሚቸኩል፣ እንደሚደክም፣ እንደሚረሳ አስቀድሞ ያመነ ሥርዓት ነው። የደህንነት ባለሙያዎች የሚከተሉት ቅደም ተከተል አለ፤ በመጀመሪያ አደጋውን ከነጭራሹ ማስወገድ፣ ካልተቻለ በሌላ መተካት፣ ቀጥሎ በምህንድስና መከለል፣ ከዚያ በደንብና በሥልጠና መቆጣጠር፣ በመጨረሻም ሰውየውን በሄልሜትና በቀበቶ መሸፈን። እኛ ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ እሱንም እንግዳ የሚመጣ ቀን። ሄልሜት ያደረገ ሰው ከአራተኛ ፎቅ የወደቀ እንደሆነ ሄልሜቱ ብዙም አያተርፈውም። ጠርዙ ላይ መከለያ ቢኖር ግን መውደቁም አይኖርም።

ሌላው በእቅድ የማይታሰበው ከአደጋው በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። የወደቀን ሰው እጅና እግሩን ይዞ አንስቶ በአይሱዙ ጭነት ላይ ማስተኛት፣ ተጎድቶ የነበረን አከርካሪ ጨርሶ ሊጎዳው ይችላል፤ የሚያነሱት ግን በፍቅርና በድንጋጤ ነው። በየሳይቱ የመጀመሪያ ርዳታ የሠለጠነ ሰው ማነው፣ በየትኛው መኪና፣ ወደ የትኛው ሆስፒታል የሚለው በግድግዳ ላይ ቢጻፍ ወጪው የወረቀት ዋጋ ነው። በሩን ሲኖትራክ ባራገፈው የአሸዋ ቁልል የዘጋ ሳይት አምቡላንስ ማስገባት እንደማይችልም ማሰብ ይገባል። ይህን የምለው ብዙ ጊዜ ስላየሁት ነው።

ሰው ሲሞት "ቀኑ ደርሶ ነው" እንላለን። በለቅሶ ቤት ይህ ቃል ቦታ አለው፤ እናትን የሚያጽናና ሌላ ምን ቃል ይገኛል? ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ምርመራው ክፍል ሲገባ ግን ጥያቄውን ሁሉ ይዘጋዋል። ከጠርዙ ላይ መከለያው ለምን አልነበረም ለሚለው ጥያቄ ቀን መልስ አይሆንም።

መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ነው። የሥራ ዝርዝሩ ኮንክሪቱን በሜትር ኩብ፣ ፌሮውን በኪሎ፣ ቀለሙን በካሬ ይቆጥራል፤ የደህንነት ወጪው ግን "በነጠላ ዋጋዎቹ ውስጥ ተካቷል" በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ በሚያሸንፍበት ውድድር ያልተቆጠረ ነገር መጀመሪያ ይቀነሳል፤ ለሠራተኞቹ አስቦ መወጣጫውን በብረት፣ ጠርዙን በመከለያ አስልቶ የገባው ተቋራጭም በዋጋ ይሸነፋል። ስለዚህ የደህንነት ሥራዎች ተወዳዳሪዎች ዋጋ የማይቀንሱበት ራሱን የቻለ ክፍል ሆነው እንዲወጡ፣ መከለያውም በቦታው ቆሞ ሲታይ ብቻ በሜትር እየተለካ እንዲከፈል ስሟገት ቆይቻለሁ። የማከብረው አንድ አማካሪ መሐንዲስ ሐሳቡን አልወደደውም፤ "በሜትር ይከፈል ከተባለማ ተቋራጩ በማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ መከለያ ይሠራል" አለኝ። መከለያ የማያስፈልገው የሶሌታ ጠርዝ የትኛው እንደሆነ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት፤ እስካሁን እየተከራከርን ነው።